ካሜራ የያዘ ምስክር



ውድ አንባቢያን! ልጆቻችን አድገው ምን ቢሆኑልን ደስ ይለናል? በመጋላ ያሉ ወላጆችን ብትጠይቁ መልሱ ብዙም አይለያይም። ሐኪም ይሁንልኝ የሚል አለ፤ ነጋዴ ይሁን፣ ሾፌር ይሁን፣ አላህ ካለለትም ቁርኣን ሐፍዞ ዓሊም ይሁን የሚል አለ። ካሜራ ተሸክሞ ከአገር አገር እየዞረ የተበደለን ሰው ጉዳይ በፊልም ለዓለም የሚያሳይ ይሁንልኝ ብሎ ዱዓ የሚያደርግ አባት ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሙያው ለእኛ ሩቅና እንግዳ ይመስለናል። ጠጋ ብለን ብንመረምረው ግን በመድረሳ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ሆኖ እናገኘዋለን። መሠረቱ ምስክርነት ነው።

በፊቅህ ኪታቦቻችን መጨረሻ አካባቢ ስለ ዳኝነትና ስለ ምስክርነት የሚያስተምር ምዕራፍ አለ። ብዙው ደረሳ ጦሃራን፣ ሶላትን፣ ጾምንና ዘካን ተምሮ እዚያ ሳይደርስ ወደ ኑሮው ይሄዳል። ስለዚህ ምዕራፉ የሚያስተምረውን በአጭሩ በራሴ ቃል ላስቀምጥላችሁ። አንደኛ፣ ምስክር የሚናገረው ያየውን ነው፤ የሰማውን አየሁ አይልም። ሁለተኛ፣ ያየውን ሐቅ ባለጉዳዩ ሲፈልገው አይደብቅም። ሦስተኛ፣ ለአባቱ ወይም ለልጁ ሲል ቢመሰክር፣ ወይም በጠላቱ ላይ ቢመሰክር ቃሉ አይወሰድለትም፤ ልብ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ዓይንም አብሮ ያዘነብላልና። በዚህ ላይ ዲናችን የሰውን ገመና መሸፈንን፣ ሲትርን፣ አደራ ብሎናል። እነዚህን አራት ነገሮች በልባችሁ ያዙልኝ። አንድን ሰው በእነርሱ እንመዝናለን።

ሰውዬው ሙሐመድ አሚን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1943 ናይሮቢ ውስጥ፣ ከፑንጃብ ከመጣ ሙስሊም ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ይህ ለእኛ ለድሬዳዋ ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከተማችን ራሷ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ሐዲዱም ስንቱን ቤተሰብ ከየአገሩ አምጥቶ ያሰፈረባት ናት። አሚን በልጅነቱ ወደ ዳሬሰላም ሄዶ አደገ። ገና ልጅ ሳለ አንድ አሮጌ ካሜራ እጁ ገባች፤ ከዚያ በኋላ ካሜራ ከእጁ አልተለየም። 20 ዓመት ሲሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ካሜራፒክስ የተባለ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። በሚቀጥለው ዓመት የዛንዚባር አብዮት ሲፈነዳ እዚያ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያችው ዛንዚባር ታስሮ ለአንድ ወር ያህል በእስር ቤት ተሰቃየ። እ.ኤ.አ. በ1969 የኬንያው ሚኒስትር ቶም ምቦያ ናይሮቢ መንገድ ላይ በጥይት ሲገደሉ ቦታው ላይ ፈጥኖ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1972 ኢዲ አሚን የእስያ ተወላጆችን ከኡጋንዳ ሲያባርሩም ያንን ቀርጿል። የሐጅን ሥርዓትም በፎቶግራፍ አንስቶ እ.ኤ.አ. በ1978 መጽሐፍ አውጥቷል። ሰውዬው የግፍን ቦታ ብቻ ሲፈልግ የኖረ አልነበረም ማለት ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ጌታውን ሲለማመንም አሳይቷል።

ስሙ ከአገራችን ጋር ተያይዞ የቀረው ግን በ1977ቱ ረሃብ ነው። ያንን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ዝም ብሎ ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፊልም አቀረበና ያ ዝምታ ተሰበረ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በአገራችን ቴሌቪዥን አሳየው። ነገር ግን እንዳለ አላሳየውም። የተራበውን ሕዝብ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ ቆራርጦ ቀጠለው። ረሃቡ እውነት ነው፤ ግብዣውም እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሰፋው እጅ ግን የምስክር እጅ አልነበረም፤ የባላንጣ እጅ ነበር። ከላይ ሦስተኛ ብዬ የጠቀስኩትን እዚህ ላይ አስታውሱ።

አላህ ያሳያችሁ፤ ያው ደርግ ከአሥር ዓመት በኋላ ፈተናው በራሱ ላይ ሲመጣ ምን አደረገ? በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። በዚያው ሰሞን በሰሜን ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ለጋዜጠኛ ወደዚያ የመሄጃ ፈቃድ ማግኘት ከባድ ነበር። ሙሐመድ አሚን እንደምንም ፈቃድ አግኝቶ ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ከማይክል በርክ ጋር መቀሌና ኮረም ደረሰ። አሚን ቀረጸ፤ በርክ ዘገባውን አቀረበ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደን ላይ ታየ፤ ከዚያም ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች እየተቀባበሉ እንዳሳዩት ይነገራል። ሌሊቱን በብርድ ያደሩ፣ ጎሕ ሲቀድ ሙታናቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የሚያወጡ ወገኖቻችን ነበሩ በምስሉ ላይ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ዘፋኞች ተሰብስበው ገንዘብ አሰባሰቡ፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገው ታላቅ ዝግጅትም የዚያ ፊልም ፍሬ ነው። ስንዴ በመርከብና በአውሮፕላን ገባ። ብዙ ነፍስ ዳነ፤ አልሐምዱሊላህ።

እኔ በዚያን ጊዜ ጡት ያልጣልኩ ሕፃን ነበርኩ። ስለዚህ ስለ ኮረም የማውቀው ከሌሎች ነው። ከእነዚህ አንዱ እዚሁ መጋላ ውስጥ የሚኖር የወሎ ተወላጅ፣ የልብስ ስፌት መኪናውን ከበረንዳ ላይ አውጥቶ የሚሠራ ሰው ነው። ኮረም መጠለያ ሲገባ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱን እዚያ ቀብሯል። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ስለዚያ ፊልም ጠየቅሁት። መኪናውን ማሽከርከሩን አቁሞ ጥቂት ዝም አለና እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ እሱ ሰውዬ ካሜራውን ይዞ ባይመጣ ስንዴው አይመጣም ነበር፤ እኔም ዛሬ እዚህ አልቀመጥም። አላህ ይዘንለት። ነገር ግን እናቴ በዚያ ሁኔታ እንድትታይ አልፈቅድም ነበር። እሷ ዘመኗን ያለ ሻሽ ደጃፍ ወጥታ አታውቅም።» ከዚያ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ውድ አንባቢያን፣ ሁለቱም ሐቅ ነው። ይህን ሰው ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ልንለው አንችልም። ምስክርነቱ ባይኖር ይሞት ነበር፤ ምስክርነቱ ሲኖር ደግሞ የእናቱ ገመና ተገለጠ። በዚህ ሙያ የሚሠራ ሰው በየቀኑ የሚሸከመው ሸክም ይህ ነው። በዚያው ረሃብ ጊዜ መቀሌ ላይ በሌሎች ጋዜጠኞች የተቀረጸችው ብርሃን ወልዱ የተባለች ሕፃን ልትሞት ደቂቃዎች የቀሯት ተብላ ምስሏ ዓለምን ዞረ። ልጅቷ ተረፈች፤ አድጋ ተምራም እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን ውስጥ በታላቅ መድረክ ላይ በእግሯ ቆማ ታየች። ያ መልካም ነው። ግን ሕፃን ሳለች ልቅረጽሽ ወይ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። የተራበ ሰው ዳቦ እንጂ ክብር አያምረውም ብሎ የሚያስብ ካሜራማን ካለ እርሱ ሰውን አላየም፤ ያየው ረሃብን ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የአሚን ካሜራ ያየውን እውነት አሳይቷል፤ ያላየውን ግን ሊያሳይ አይችልም። ብዙው ዓለም ረሃቡ ዝናብ በመጥፋቱ ብቻ የመጣ መሰለው። ዝናብ መጥፋቱስ ጠፍቷል። ነገር ግን በሰሜን ጦርነት ነበር፤ ገበያና መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ ገበሬው እህሉን በግድ ለመንግሥት ይሸጥ ነበር። ከዚያም መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ፤ ብዙው ሳይወድ በግዱ የሄደ ነበር፤ በመንገድና በሠፈራው ቦታም ብዙ ሰው ሞተ። የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ይህን በይፋ በመቃወሙ እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ ከአገር ተባረረ። በዚያ ረሃብ የሞተው ሰው ቁጥር ከ400,000 እስከ 1,000,000 ይገመታል። እንግዲህ የሰብዓዊ መብት ጉዳይ የሚባለው ይህ ነው። የራበውን አይቶ ማዘን ምጽዋት ያመጣል፤ ለምን ራበው ብሎ መጠየቅ ደግሞ ፍትሕን ይፈልጋል። ደህና ዘጋቢ ፊልም ሁለቱንም ይሠራል። ለዚህም የሁለት ቀን ጉዞ አይበቃውም፤ ወራትና ዓመታት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ቤታችን ጉዳይ ልምጣ። በቅርቡ የአንድ ተማሪዬ እናት ልጇ ካሜራ መማር እፈልጋለሁ ብሎ እንዳስቸገራት ነገረችኝ። እንደ ከተማችን ልማድ አንተ እያለች፣ «አቦ ኡስታዝ፣ ይህን ልጅ ምከርልኝ! መጀመሪያ ነገር ሥዕል ሐራም ነው ይላሉ። ሁለተኛ እንጀራ የለውም። ሦስተኛ ደግሞ ያስገድለዋል፤ አለበለዚያ ያሳስረዋል» አለችኝ። ጥያቄዋ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ስለሚሆን በየተራ እንየው።

ስለ ሐራምና ሐላል እኔ ተራ አስተማሪ ነኝ እንጂ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም። ዑለማዎች በዚህ ጉዳይ እንደሚለያዩ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ፎቶግራፍንም እንደ እጅ ሥዕል ቆጥረው የሚከለክሉ አሉ። እንደ ቀድሞው የግብፅ ሙፍቲ እንደ ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ያሉት ደግሞ ፎቶግራፍ አላህ የፈጠረውን ጥላ መያዝ እንጂ አዲስ መፍጠር አይደለም፣ መስታወት ላይ እንደሚታይ ምስል ነው ብለው ፈቅደዋል። ብዙዎቻችን ለፓስፖርትና ለመታወቂያ ፎቶ ስንነሣ፣ ለሠርግ ቪዲዮ ስናስቀርጽ በዚህኛው ላይ ሄደናል። ለሠርግ የፈቀድነውን ነገር ለተበደለ ሰው ጉዳይ ስንከለክል ግን ሚዛናችን መስተካከሉን መመርመር ይገባናል። የሚበልጠው ጥያቄ ካሜራው ምን ይሠራል የሚለው ነው።

እንጀራን በተመለከተ እናትየዋ እውነት አላት። አሚን የዜና ምስል ለጣቢያዎች እየሸጠ፣ የፎቶግራፍ መጻሕፍት እያሳተመ፣ ድርጅቱን እንደ ማንኛውም ነጋዴ እያስተዳደረ ነበር የኖረው። ካሜራው ብቻውን አላበላውም። ስለዚህ ይህን መንገድ ለሚመርጥ ልጅ ሁለተኛ ሙያ ማስያዝ ብልኅነት ነው። ሒሳብ ይወቅ፤ ቋንቋ ይወቅ። የእኛ ልጆች አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ በአንድ ሰፈር እየሰሙ ያድጋሉ፤ መድረሳ የገባው ዐረብኛም ይጨምራል። ይህ ለሌላው የፊልም ሰው በአስተርጓሚ የማይገኝ ሀብት ነው። በቋንቋህ የሚያናግርህን ሰው ታምነዋለህና።

ስለ አደጋው ምንም ልሸፍንላችሁ አልችልም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መጨረሻ፣ መንግሥት በተለወጠ በሳምንቱ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አሚን እየቀረጸ ሳለ ግራ እጁን አጣ፤ አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ሞተ። አሚን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሦስት ጠላፊዎች ተነሡ። አውሮፕላኑ ነዳጅ ጨርሶ በኮሞሮስ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። አሚንም ከእነርሱ አንዱ ነበር። ከአደጋው የተረፉ ሰዎች እንደተናገሩት እስከ መጨረሻው ቆሞ ከጠላፊዎቹ ጋር ይከራከር ነበር። 53 ዓመቱ ነበር።

ለቤተሰብ የሚከፈለው ዋጋም አለ። ልጁ ሰሊም አሚን እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ አባቱ ዘጋቢ ፊልም አወጣ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን አባት ልጁ በቅርብ ለማወቅ ሲፈልገው የሚያሳይ ፊልም ነው። የሌላውን ልጅ ለማዳን የሚሮጥ አባት የራሱን ልጅ ሳያየው ሊያድግበት ይችላል። ይህን የምነግራችሁ ልጆቻችሁን እንድትከለክሉ አይደለም። ወደ ሙያው የሚገባው ልጅ ቤተሰብም በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳለው አውቆ እንዲገባ ነው።

ደግሞ ይህ ሙያ ጦርነትና ረሃብ ብቻ አይደለም፤ የወንድ ብቻም አይደለም። ኢትዮጵያዊቷ ሳሌም መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1991 «ስደት» በተባለው ፊልሟ ሱዳን ውስጥ የተሰደዱ ሦስት ኢትዮጵያውያት ሴቶችን ኑሮ አሳየች። በኋላም «የወንዝ ማዕበል» በተባለው ሥራዋ በዚያ የቀይ ሽብር ዘመን ደብዛው የጠፋ ወንድሟንና የተገደለች የልብ ጓደኛዋን ታሪክ ተረከች። ስለ ገዛ ወንድም መመስከር ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት፤ የሦስተኛው ሸርጥ ፈተና ይህ ነው። ከዚህ ከጎረቤታችን ከሐረር ደግሞ እዚያ ያደገችው ጄሲካ በሺር እ.ኤ.አ. በ2021 «ፋያ ዳዪ» የተባለ ፊልም አቅርባለች። ስለ ጫት ነው፤ ስለሚያመርቱት፣ ስለሚቅሙት፣ ባሕር ተሻግረው ለመሄድ ስለሚያልሙ ወጣቶች። 10 ዓመት ገደማ ወስዶባታል። ጫት ምን እንደሆነ ለመጋላ ሰው የሚያስረዳ አያስፈልገውም። ነገር ግን በየቤታችን ልጅ ከአባቱ ጋር የማይነጋገርበትን ጉዳይ አንዲት ሴት ዓመታት ታግሣ፣ ማንንም ሳትሳደብ፣ ፊት ለፊታችን አስቀመጠችው። ይህም ምስክርነት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ካሜራ የሌለው ኪስ የለም። መንገድ ላይ ሰው ሲወድቅ ከሚያነሡት እጆች ስልክ የሚያወጡት ይበዛሉ። ጠብ ሲነሣ ይቀረጻል፤ ሬሳ ይቀረጻል፤ እናት ራሷን ስታ ስትጮህ ይቀረጻል፤ በደቂቃ ውስጥ ጅዳና ሚኒሶታ ይደርሳል። ከዚህ በኋላ ልጄ ካሜራማን አይሁን ማለት አንችልም፤ ሁሉም ሆኗል። የቀረልን ጥያቄ ምስክር ይሁን ወይስ ወሬ አቀባይ የሚለው ነው። ልዩነቱን የሚያስተምረው ደግሞ ማንም አይደለም፤ ቤተሰብ ነው።

ስለዚህ ልጆቻችሁ ከመላካቸው በፊት እነዚያን አራት ነገሮች እንዲጠይቁ አስለምዷቸው። እኔ ራሴ ያየሁት ነው ወይስ ሌላ የላከልኝ? ከፊትና ከኋላ ቆርጬ የደበቅሁት ነገር አለ? ይህን የምልከው ሐቅ ስለሆነ ነው ወይስ ያንን ሰው ወይም ያንን ብሔር ስለምጠላ? በምስሉ ላይ ያለችው እናቴ ብትሆን ኖሮ እልከው ነበር? አራቱን ያለፈ ምስል ይላክ። ያላለፈ ግን ይጥፋ።

ሙያውን ከልቡ ለሚፈልግ ልጅ ደግሞ ሩቅ አገር አትላኩት፤ ከሰፈሩ ይጀምር። በአሮጌው ባቡር ላይ የሠሩ አዛውንቶች በየሰፈራችን አሉ፤ ጡረታቸውን፣ ጉልበታቸውንና የደረሰባቸውን ነገር ይጠይቃቸው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ቤተሰቡን ያጣ ሰው አለ፤ ፈቃዱን ጠይቆ፣ ከአጠገቡ ተቀምጦ፣ ሻይ አብሮ ጠጥቶ ያዳምጠው። ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን በትክክል ይጻፍ። ሰውዬው ይህን አታሳይ ካለው አያሳይ። ቀርጾ ሲጨርስ መጀመሪያ ለባለጉዳዩ ያሳየው።

ለተማሪዬ እናትም የመለስኩላት ይህንኑ ነው፤ አልከለክለውም፣ ግን መጀመሪያ የምስክርነትን ምዕራፍ አብሮኝ ይቅራ አልኳት። አሁን ዘወትር ከመግሪብ በኋላ ይመጣል። ልብስ ሰፊውንም አስተዋውቄዋለሁ። እስካሁን ካሜራ አላወጣም፤ ክር እያቀበለ ያዳምጠዋል።

አላህ ሐቅን ከሚመሰክሩት ያድርገን፤ የሰውን ገመና ከሚሸፍኑትም ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።